ለማይለቅ የመገጣጠሚያ ሕመም ሁለተኛ ሐኪም፦ የትኛውን፣ ለየትኛው ጥያቄ?

ጉልበት፣ ዳሌ ወይም የእጅ ጣት ለወራት ሲያም ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ጎበዝ ሐኪም የት አለ?» ብሎ ነው። ጎረቤትም ዘመድም የሚጠቁሙት ስም አያጡም። ታካሚው በተጠቆመበት ይሄዳል፣ ካርድ ያወጣል፣ ራጅና ላብራቶሪ እንደ አዲስ ይታዘዝለታል፣ ሌላ ማስታገሻ ይዞ ይወጣል። ሲያቅተው ሦስተኛ ሐኪም ይፈልጋል። ገንዘቡ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው፤ ከገንዘቡም በላይ ጊዜው። አንዳንዱ የመገጣጠሚያ በሽታ በመጀመሪያዎቹ ወራት ካልታከመ፣ አጥንቱ ላይ ያደረሰው ጉዳት ኋላ በየትኛውም መድኃኒት አይመለስም።

ስለዚህ ከሐኪሙ ስም በፊት ጥያቄዎን ይለዩ። ያልተመለሰልዎት «ሕመሜ ምንድን ነው?» የሚለው ነው? ወይስ ስሙን አውቀውት መድኃኒቱ አልሠራ ብሎዎት ነው? ወይስ «ቀዶ ሕክምና ያስፈልግሃል» ተብለው መወሰን ከብዶዎት ነው? ሦስቱ ጥያቄዎች ወደ ሦስት የተለያዩ በሮች ይወስዳሉ። የመጀመሪያውን ሐኪም የሚመስል ሌላ ሐኪም ዘንድ፣ ያንኑ ወረቀት ይዘው፣ ያንኑ ጥያቄ ቢጠይቁ ያንኑ መልስ ይዘው የመመለስ ዕድልዎ ሰፊ ነው።

ሌላ ሐኪም ማማከር የመጀመሪያውን መናቅ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። በተለይ እናቶቻችንና አባቶቻችን «ዶክተሩ ቅር ይለዋል» እያሉ ሕመማቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ በተባለው ትልቅ ሆስፒታል የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት ከሌላ ሐኪም ወደዚያ የተላኩ 286 ታካሚዎችን መዝገብ ተመልክቶ ነበር። የመጀመሪያው ሐኪም ያለው እንዳለ የጸናው በ12 በመቶው ብቻ ነው። በ21 በመቶው የበሽታው ስም ጨርሶ ተቀየረ፤ በቀሩት ላይ ደግሞ በከፊል ተስተካከለ ወይም ይበልጥ ተብራራ። እርግጥ ነው እነዚህ ቀድሞውንም አስቸጋሪ ሆነው የተላኩ ታካሚዎች ናቸው፤ በሽታቸውም የመገጣጠሚያ ብቻ አልነበረም። ቢሆንም የሕመም ስም በሁለተኛ ዓይን ሲታይ መለወጡ ከሥራው ጠባይ የሚመጣ እንጂ የመጀመሪያውን ሐኪም የሚያሳፍር አለመሆኑን ያሳያል።

ሁለተኛ ሐኪም የማይጠበቅበት ጊዜ

አንድ መገጣጠሚያ በድንገት አብጦ፣ ቀልቶ፣ ሲነኩት እያቃጠለ፣ ትኩሳት ከተጨመረበት ምርጫ የለም፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። መገጣጠሚያ ውስጥ መግል ከተቋጠረ የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነውን ልም አጥንት በቀናት ውስጥ ይበላዋል። ሕፃን ልጅ ትኩሳት ይዞት እግሩን አላስረግጥ ካለም እንዲሁ ነው። የወገብ ሕመም ኖሮዎት እግርዎ ከሰነፈ፣ ሽንት ከከለከለዎት ወይም ካመለጠዎት ቀጠሮ አይጠብቁ።

በተቃራኒው ደግሞ መታገሥ የሚገባበት ጊዜ አለ። ሜቶትሬክሴት የመሰለ፣ የመገጣጠሚያ ብግነትን (ማበጥና መቃጠልን) የሚያበርድ መድኃኒት ውጤቱ የሚታየው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ፊዚዮቴራፒም በሳምንት ሁለት ሳምንት ለውጥ አያመጣም። «ሁለት ሳምንት ወሰድኩት፣ አልያዘልኝም» ብሎ ሐኪም መቀየር መድኃኒቱን ዕድል መንሣት ነው። ሕመሙ ፋታ የሚነሣ ከሆነ ለዚያው ለመጀመሪያው ሐኪም ደውለው ወይም ቀጠሮ አሳጥረው ይንገሩት።

የአጥንት ሐኪም ወይስ የውስጥ ደዌ ሐኪም?

ብዙ ገንዘብና ጊዜ የሚባክነው እዚህ ምርጫ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልናገር። እኛ ዘንድ መገጣጠሚያ ሲያም እግር የሚያመራው ወደ አጥንት ሐኪም ነው። የአጥንት ሐኪም ግን በዋናነት የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ነው። የተሰበረ፣ የወለቀ፣ የተቀደደ፣ የተጣመመ ወይም ያለቀ መገጣጠሚያ የእሱ ነው። ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት የመገጣጠሚያ ብግነት ደግሞ የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ ከዚያም አልፎ የሩማቶሎጂ ሰብ ስፔሻሊስት ሥራ ነው። በአገራችን የሩማቶሎጂ ሰብ ስፔሻሊስቶች እጅግ ጥቂት ናቸው፤ የሚበዙትም አዲስ አበባ ነው ያሉት። እንዲህ በሆነበት አገር ወደ እነሱ መሄድ የሚያስፈልገው ማን እንደሆነ መለየት ለታካሚውም ለሐኪሙም ትልቅ እፎይታ ነው።

ለመለየት የሚረዳው አንደኛ ነገር ጠዋት ነው። ከእንቅልፍ ሲነሡ መገጣጠሚያዎ ደርቆ፣ ትንሽ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ከግማሽ ሰዓት በታች በሆነ ጊዜ የሚፍታታ ከሆነ፣ ሕመሙም በሥራና በመንገድ የሚብስ፣ በዕረፍት የሚቀል ከሆነ፣ የመገጣጠሚያ ማርጀት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ከ50 ዓመት በላይ በሆኑና ክብደት ባላቸው ሰዎች ጉልበት ላይ ይበረታል። ጠዋት ጣቶችዎ አልጨበጥ ብለው ቡናው ተቆልቶ፣ ተፈልቶ፣ አቦሉ እስኪቀዳ ድረስ የማይፍታቱ ከሆነ ግን፣ የሁለቱም እጆች የጣት አንጓዎች በአንድነት የሚያብጡ ከሆነ፣ ዕረፍት የሚያብሰው እንጂ የማያቀለው ከሆነ፣ ሩማቶይድ አርትራይተስ የተባለው፣ ሰውነት የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት በሽታ መጠርጠር አለበት። ይህ በሽታ ሴቶችን ከወንዶች ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ያጠቃል፤ ገና በ30ዎቹና በ40ዎቹ ዕድሜ ያሉ እናቶችን ጋቢ መጭመቅና ምጣድ ማንሣት ያሳጣቸዋል። ሕክምናው በመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 6 ወራት ከተጀመረ እጅ ከመጣመም የመዳን ዕድሉ ሰፊ ነው። እንግዲህ ጣቶቿ ያበጡባት ሴት የአጥንት ሐኪም ዘንድ ታይታ፣ ራጁ «ምንም የለውም» ተብሎ፣ ማስታገሻ ይዛ ከተመለሰች ሁለተኛ ሐኪም ያስፈልጋታል፤ እሱም ሌላ የአጥንት ሐኪም መሆን የለበትም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ራጅ ንጹሕ መሆኑ በሽታውን አያስቀረውም።

ወጣት ወንድ ሆኖ ከ45 ዓመት በፊት የጀመረው፣ ከ3 ወር በላይ የቆየ የወገብ ሕመም ያለው፣ ከሌሊቱ እኩሌታ በኋላ የሚቀሰቅሰው፣ ተነሥቶ ሲንቀሳቀስ የሚሻለው ሰውም እንዲሁ ወደ ውስጥ ደዌ ነው የሚሄደው። ይህ ዲስክ ከሚባለው የተለየ የአከርካሪ ብግነት ሊሆን ይችላል። ዓይኑ እየቀላ የሚያመው ከሆነ ወይም ቆዳው ላይ ሶሪያሲስ (ቅርፊት የሚያወጣ የቆዳ በሽታ) ካለበት ጥርጣሬው ይጠነክራል። ፀሐይ ሲነካት ጉንጯ ላይ የሚወጣባት፣ ፀጉሯ የሚረግፍ፣ አፏ ውስጥ የሚቆስልና መገጣጠሚያዋ የሚያማት ወጣት ሴት ደግሞ ሉፐስ የተባለው ሌላው ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት በሽታ እንዳይሆን መታየት አለባት፤ ኩላሊት ሊጎዳ ስለሚችል የሽንት ምርመራ እንዳይቀር።

ኢንፌክሽንን መርሳት አይገባም። አንድ ጉልበት ወይም አንድ ዳሌ ብቻ ለወራት ቀስ እያለ ካበጠ፣ ክብደት ከቀነሰና ማታ ማታ የሚያልብ ከሆነ የመገጣጠሚያ ቲቢ መሆን አለመሆኑ ሳይጣራ መገጣጠሚያው ውስጥ ስቴሮይድ (ብግነትን በኃይል የሚያበርድ መድኃኒት) መወጋት አደገኛ ነው። ፈሳሽ ወይም ቅንጣት ሥጋ ተወስዶ ጂን ኤክስፐርት በተባለው ቲቢን የሚለይ መሣሪያ ይመረመራል። ጥሬ ወተት የሚጠጣ፣ ከከብት፣ ከፍየል ወይም ከግመል ጋር የሚውል ሰው ትኩሳቱ እየመጣ እየሄደ ወገቡንና ዳሌውን ካመመው ብሩሴሎሲስ የተባለው ከእንስሳት የሚተላለፍ ኢንፌክሽን ይታሰባል። ውጭ አገር ሆነው ሁለተኛ አስተያየት የሚሰጡ ሐኪሞች እነዚህን ሁለቱን ሳያስቡ ሊያልፉ ይችላሉ፤ የሚኖሩበትን አካባቢና ጥሬ ወተት መጠጣትዎን እርስዎ ራስዎ ይንገሯቸው።

ስለ ልጆች አንድ ነገር ብቻ፦ ጉሮሮውን አሞት ከሳምንታት በኋላ ሕመሙ ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ ወደ እጅ አንጓ የሚዘዋወርበት ልጅ የልብ ነገር እንዲታይለት ያስፈልጋል። ሩማቲክ ፊቨር መገጣጠሚያውን አሳምሞ ይለቃል፤ የልብን በር ግን አበላሽቶ ሊሄድ ይችላል። እዚህ ላይ የሚመረጠው ሁለተኛ ሐኪም የሕፃናት ስፔሻሊስት ነው፣ የልብ አልትራሳውንድ ባለበት ቦታ። በሽታው እንዳያገረሽ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የሚሰጠውን የፔኒሲሊን መርፌ «ድኗል» ብሎ ማቋረጥ የሚቻለው ሐኪሙ ሲወስን ብቻ ነው።

የላብራቶሪ ወረቀት ወይስ የሐኪም እጅ?

ከሁለት ሐኪሞች አንዱን መምረጥ ቢኖርብኝ ጫማዬንና ካልሲዬን አስወልቆ፣ የጣቶቼን አንጓ አንድ በአንድ ተጭኖ፣ ዳሌዬን አዟዙሮ ያየኝን እመርጣለሁ። ለመገጣጠሚያ በሽታ ከየትኛውም ማሽን በፊት የሚቀድመው ይህ ነው። በጠረጴዛ ማዶ ሆኖ «ሪህ ነው» የሚል ሐኪም አጋጥሞዎት ከሆነ ሁለተኛ ሐኪም ለመፈለግ በቂ ምክንያት አለዎት።

ምክንያቱም የላብራቶሪ ውጤቶቹ ብቻቸውን ያሳስታሉ። ሩማቶይድ ፋክተር የሚባለው ምርመራ በጤነኛ ሰው፣ በተለይ በዕድሜ በገፋ ሰው፣ እንዲሁም በቲቢና በሄፓታይተስ ሲ ሕሙማን ላይ ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። ሩማቶይድ ካለባቸው ሰዎች ደግሞ ከ5ቱ አንዱ ያህል ኔጌቲቭ ሆኖ ይገኛል። አንቲ ሲሲፒ የሚባለው ከዚህ የበለጠ አመልካች ነው፤ ዋጋው ከበድ ስለሚል ግን በየቦታው አይታዘዝም። ኤኤስኦ የሚለው ደግሞ ጉሮሮን የሚያሳምመው ባክቴሪያ ከጊዜ በፊት እንደነካዎት ከመናገር አልፎ የጉልበት ሕመም ምክንያት አይሆንም። ኢኤስአርና ሲአርፒ ብግነት መኖሩን ይጠቁማሉ፣ ከየት እንደመጣ ግን አይናገሩም። ለእነዚህ ምርመራዎች ጾም መዋል አያስፈልግም።

ሪህን የሚያመጣው የዩሪክ አሲድ ምርመራም እንዲሁ ነው። ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ብቻውን ሪህ አያሰኝም፤ ከፍ ብሎባቸው ዕድሜ ልካቸውን የማያማቸው ብዙ ናቸው። በሌላ በኩል ሕመሙ በተነሣበት ቀን ቁጥሩ ትክክለኛ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። እውነተኛው ሪህ ብዙ ጊዜ የእግርን አውራ ጣት በሌሊት በድንገት ይይዛል፤ አንሶላ እንኳ እንዳይነካው ያደርጋል፤ በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ማረጋገጫው ከመገጣጠሚያው የተቀዳ ፈሳሽ ውስጥ የሚታይ ክሪስታል ነው። በወረቀት ላይ በታየ አንድ ቁጥር ብቻ ዓመት ሙሉ ዩሪክ አሲድን የሚቀንሰውን አሎፑሪኖል እየወሰዱ ሁለቱም ጉልበቶችዎ ያለማቋረጥ የሚያምዎት ከሆነ ለሁለተኛው ሐኪም «ይህ በእርግጥ ሪህ ነው ወይ?» የሚለውን ያቅርቡ። ሪህ መሆኑ ከተረጋገጠ ግን ጥያቄው ሌላ ነው፤ ዩሪክ አሲዱ በዴሲሊትር ከ6 ሚሊግራም በታች ወርዷል ወይ የሚል ይሆናል። ሽሮና ምስር ተከልክለው በጾም ወራት የሚበሉት ያጡ ብዙ ሰዎች አሉ። ሪህን የሚያብሰው ግን ሥጋ፣ በተለይ ጉበትና ኩላሊት፣ ከዚያም ቢራ ነው፤ የጥራጥሬ ነገር በጥናት ሲታይ እንደ ሥጋው አልሆነም። ይህንንም ለሁለተኛው ሐኪም ቢያነሡት መሶብዎ ይመለስልዎታል።

መድኃኒቱ ካልሠራ

እዚህ ላይ ከሐኪሙ በፊት መድኃኒቱን ራሱን ማየት ይገባል። ብዙ ሰው ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ የገዛውን፣ ወይም በላስቲክ ተጠቅልሎ ስሙ ሳይጻፍበት የተሰጠውን እንክብል ይወስዳል። አንድ ኪኒን ውጦ በማግሥቱ እንደ ልጅ የተነሣ ሰው ብዙ ጊዜ የዋጠው ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን የተባለ ስቴሮይድ ነው። በቅርብ ዘመዶቼም አይቼዋለሁ፤ ደስታው ልብ ይነካል፣ ፊታቸው እያበጠ ሲመጣና ስኳራቸው ሲጨምር ማየት ግን ከባድ ነው። ስቴሮይድ በሐኪም እጅ ጠቃሚ መድኃኒት ነው። ያለ ክትትል ለወራት ሲወሰድ ግን አጥንት ያሳሳል፣ ስኳርና ደም ግፊት ይጨምራል፣ ተደብቆ የነበረ ቲቢ ያስነሣል፣ የዳሌን አጥንት ጭንቅላትም ሊያደርቅ ይችላል። በድንገት ማቆሙም አደጋ አለው። ስለዚህ ለሁለተኛው ሐኪም የወሰዱትን ሁሉ፣ ባዶ ማሸጊያውን ሳይቀር፣ ሳያፍሩ ያሳዩት። ብግነቱን መድኃኒቱ ሸፍኖት ሐኪሙ ንጹሕ መገጣጠሚያ ሊያይ ይችላልና።

የዲክሎፌናክ መርፌ በየሳምንቱ የሚወጉ ሰዎችም ይህ ይመለከታቸዋል። ሕመም ያስታግሳል፤ በሽታውን ግን አያቆመውም። ጨጓራን፣ ኩላሊትንና ደም ግፊትን ይጎዳል፤ እንክብሉን ጾመው እስከ 9 ሰዓት በባዶ ሆድ መውሰድ ደግሞ ለጨጓራ ይበልጥ ክፉ ነው።

ሜቶትሬክሴት ከታዘዘልዎት አንድ ነገር በጥብቅ ያስተውሉ፦ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ነው። በየቀኑ መውሰድ ሊገድል ይችላል። ፎሊክ አሲድ አብሮት ይታዘዛል፣ የጉበትና የደም ሴል ምርመራ በየጊዜው ይደረጋል፣ እርግዝና ካሰቡ አስቀድሞ ይቆማል። እነዚህ ካልተነገሩዎት ሁለተኛ አስተያየት መጠየቅ ተገቢ ነው። ይህን ለመጠየቅ ሩማቶሎጂስት ዘንድ መድረስ የግድ አይደለም፤ በቅርብ ያለ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ይበቃል። ለተወሳሰበው ነገር እሱ ራሱ ይልክዎታል።

«ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል» ከተባለ

ይህኛው ጥያቄ ሁለት የአጥንት ሐኪሞችን ማወዳደር የሚጠይቅ ነው፤ አንደኛው ቀዶ ሕክምናውን የሚሠራ፣ ሁለተኛው በሥራም በገንዘብም ከእሱ ጋር ያልተያያዘ ቢሆን ይመረጣል። ያለ ፊዚዮቴራፒ ሙከራ በቀጥታ ወደ ቀዶ ሕክምና የሚመራዎት ካለ ቆም ይበሉ።

በጣም የማስጠነቅቀው ስለ አንድ ዓይነት ቀዶ ሕክምና ነው። በዕድሜ ላረጀ ጉልበት በካሜራ ገብቶ «ማጽዳት» ወይም ሚኒስከስ (በጉልበት አጥንቶች መካከል ያለውን ትራስ መሰል ልም አጥንት) መቁረጥ ለብዙዎች ይመከራል። እ.ኤ.አ. በ2002 ከአሜሪካ ሂዩስተን በወጣ ጥናት 180 ታካሚዎች ተከፍለው አንዳንዶቹ ይህ ተሠራላቸው፣ ለሌሎቹ ደግሞ ቆዳቸው ብቻ ተሠንጥቆ ተሰፋ። በሁለት ዓመት ውስጥ የተሠራላቸው ካልተሠራላቸው የተሻለ ውጤት አላገኙም። እ.ኤ.አ. በ2013 በፊንላንድ በ146 ሰዎች ላይ የተሠራው ተመሳሳይ ጥናትም በሚኒስከስ ላይ ይህንኑ አሳየ። በ2017 የዓለም አቀፍ ባለሙያዎች ቡድን ለእንዲህ ዓይነቱ ጉልበት ቀዶ ሕክምናው እንዳይሠራ አጥብቆ መከረ። ኤምአርአይ ላይ «ሚኒስከስ ተቀዷል» የሚል ጽሑፍ ማየትም ሊያስደነግጥዎ አይገባም፤ በአሜሪካ ፍራሚንግሃም ከተማ ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ 991 ሰዎች ሲታዩ ሚኒስከሳቸው ከተጎዳው መካከል 61 በመቶዎቹ በቀደመው ወር ምንም የጉልበት ሕመም አልነበረባቸውም። በኳስ ሜዳ ተጠምዝዞ ጉልበቱ ለተቆለፈበት ወጣት ነገሩ ሌላ ነው።

ጉልበትን ወይም ዳሌን በሰው ሠራሽ መተካት ደግሞ ከዚህ ጋር መቆራኘት የለበትም። ልም አጥንቱ ላለቀ፣ እንቅልፍ ላጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ደርሶ መመለስ ላቃተው ሰው ከታላላቆቹ ቀዶ ሕክምናዎች አንዱ ነው። በበለጸጉ አገሮች መዝገቦች መሠረት ከተተኩ ጉልበቶች ከ10ሩ 8ቱ ያህል 25 ዓመት ይቆያሉ። ከሁለተኛው ሐኪም ማግኘት ያለብዎት መልስ «ይሠራ ወይስ አይሠራ» ብቻ አይደለም። በዓመት ስንት እንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና ይሠራሉ? የሚገባው መገጣጠሚያ ከየት የመጣ ነው? ኢንፌክሽን ቢመጣ የት ነው የምታከመው? ከተሠራ በኋላ ፊዚዮቴራፒውን ማን ይከታተለኛል? እነዚህን ሲጠየቅ የማይቆጣ ሐኪም ይምረጡ።

የመንግሥት ሆስፒታል ወይስ የግል?

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል ከሆኑ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር ወረቀት ደረጃውን ጠብቀው ይሂዱ፤ ዘልለው ከሄዱ ወጪው ከኪስዎ ይሆናል። ቀጠሮው ይረዝማል፣ ወረፋው ያደክማል። ነገር ግን ጥቁር አንበሳ፣ ቅዱስ ጳውሎስ፣ የጎንደር፣ የጅማ፣ የሐዋሳ፣ የባሕር ዳሩ ጥበበ ጊዮን የመሰሉ የማስተማሪያ ሆስፒታሎች አንድ ትልቅ ጥቅም አላቸው፤ አንድን ታካሚ ሬዚደንቱም (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥነው ሐኪም) ስፔሻሊስቱም ያዩታል፣ አስቸጋሪ ሲሆን በጋራ ይወያዩበታል። ይህ ራሱ ሁለተኛና ሦስተኛ አስተያየት ነው። የበሽታው ስም ለጠፋበት ሰው የምመርጠው ይህንን ነው።

የግል ክሊኒክ የሚመረጠው ፍጥነት ሲያስፈልግና ጥያቄው ግልጽ ሲሆን ነው። በማስተማሪያ ሆስፒታል የሚሠራው ስፔሻሊስት ማታ በግል ክሊኒክ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በአንዳንድ የመንግሥት ሆስፒታሎችም ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚሠራ የግል ክንፍ አለ። አንድ ጊዜ በግል ከፍለው የበሽታውን ስም አስለይተው፣ ክትትሉን በመንግሥት ሆስፒታል መቀጠል ለብዙ ቤተሰብ የሚሻለው መንገድ ነው። የዕድሜ ልክ መድኃኒት በግል ክትትል መቀጠል ብዙዎችን በመሃል ያስቆማቸዋል።

ፊዚዮቴራፒ፣ ወጌሻ፣ ፍልውሃ፣ ጠበል

ላረጀ ጉልበት ፊዚዮቴራፒስት ራሱ ጠቃሚ ሁለተኛ አስተያየት ነው። የጭን ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በራሱ ሕመም ይቀንሳል። 1 ኪሎ ክብደት ሲቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና በ4 ኪሎ ያህል ይቀንሳል። መብራትና ማሽን ብቻ አስቀምጦ የሚሸኝዎት ሳይሆን ቤት የሚሠሩትን እንቅስቃሴ የሚያስተምርዎት ይሁን።

ወጌሻን በተመለከተ፣ ያበጠ መገጣጠሚያን ማሸትና መሳብ ብግነቱን ያባብሳል። ስብራት ላይ በጥብቅ መጠገን ደግሞ ደም ከልክሎ እግር እስከማስቆረጥ ያደረሰባቸው ሰዎች በሆስፒታሎቻችን ይታያሉ። ፍልውሃ ላረጀ መገጣጠሚያና ለደረቀ ጡንቻ ያሳርፋል፣ ይሂዱ፤ ቀልቶ ላበጠና ትኩሳት ላለበት ግን አይሆንም። ጠበል የሚሄድ ሰው መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ። ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስ በኤችአይቪ ዘመን ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ ሲያስተምሩ ብዙ ሕይወት ተርፏል፤ ለሩማቶይድ ሕሙማንም ያው ነው።

ከሩቅ የሚገኝ አስተያየት

ዘመድ ውጭ አገር ስላለ ወረቀት ልኮ ማስጠየቅ የተለመደ ነው። በሩቅ ያለ ሐኪም መገጣጠሚያዎን መዳሰስ ስለማይችል የበሽታውን ስም ለማግኘት ደካማ መንገድ ነው። የራጅና የኤምአርአይ ምስል ለማስነበብና የቀዶ ሕክምና ውሳኔን ለማመዛዘን ግን ይረዳል። ሪፖርቱን ብቻ ሳይሆን ምስሉን በሲዲ ተቀብለው ይላኩ፤ ፊልሙን በስልክ ፎቶ ማንሣት አይበቃም። ወደ ሕንድ፣ ታይላንድ ወይም ቱርክ ከመሄድዎ በፊት ደላላው ሳይሆን ሆስፒታሉ ራሱ ዋጋውን በጽሑፍ ይስጥዎት፤ ከተመለሱ በኋላ ማን እንደሚከታተልዎትም እዚሁ ካለ ሐኪም ጋር ይነጋገሩ።

ውጭ ለሚኖሩ ወገኖች መንገዱ የተለየ ነው። እስራኤል ውስጥ እ.ኤ.አ. የ1996 የታካሚ መብት ሕግ ታካሚ ሁለተኛ አስተያየት የማግኘት መብት እንዳለውና የሚያክመውም ተቋም ሊረዳው እንደሚገባ ይደነግጋል፤ ከቁፓት ሆሊም (ከጤና መድን ድርጅትዎ) ሐኪም ፋይልዎን ይጠይቁ። ጀርመን ጉልበት ለማስተካት ከመወሰን በፊት ሁለተኛ ሐኪም የማማከር ወጪውን የሕዝብ ጤና መድን ይሸፍናል። አሜሪካ ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት ጤና መድን ያላቸው አረጋውያን አስቸኳይ ላልሆነ ቀዶ ሕክምና ሁለተኛ አስተያየት ይሸፈንላቸዋል፤ ሁለቱ ሐኪሞች ካልተስማሙ ሦስተኛውም። የፌዴራል ገንዘብ በሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማግኘት መብትም አለ። ልጅን ወይም የልጅ ልጅን ከማስተርጎም ይህን መጠየቅ ይሻላል፤ እናት በልጇ ፊት የማትናገረው ሕመም አለና። በገልፍ አገሮች በቤት ሥራ ላይ ያላችሁ እህቶች፣ የምርመራ ወረቀታችሁን ቅጂ በእጃችሁ አስቀሩ፤ አገር ቤት ስትመለሱ ከዜሮ አትጀምሩም።

ይዘው የሚሄዱት፣ ከዚያም ሁለቱ ካልተስማሙ

በአንድ ገጽ ላይ ይጻፉ፦ ሕመሙ መቼ ጀመረ፣ የትኛው መገጣጠሚያ ቀደመ፣ ጠዋት ስንት ደቂቃ ይደርቃል፣ ምን ያቀለዋል፣ የትኛውን መድኃኒት ለምን ያህል ጊዜ ወሰዱ፣ ምን ተፈጠረ። ሲያብጥ በስልክ ፎቶ ያንሡት፤ በቀጠሮው ቀን ላይኖር ይችላል። የቀደመውን ምርመራ ውጤት ሁሉ ይያዙ። የመጀመሪያው ሐኪም የሰጠውን የበሽታ ስም ግን ሁለተኛው መርምሮዎት ከጨረሰ በኋላ ይንገሩት፤ አስቀድሞ ከሰማው ዓይኑ ወደዚያ ሊሳብ ይችላል። መድኃኒቱን ግን ከመጀመሪያው አይደብቁት።

የመጀመሪያውን ሐኪም ፋይል ሲጠይቁ «ዶክተር፣ ቤተሰቤ ሌላም ሰው እንዲያየኝ ፈልጓል፤ ውጤቱን ይዤልዎት እመጣለሁ» ቢሉት አብዛኛው ሐኪም ደስ ብሎት ይጽፍልዎታል።

ሁለቱ ከተለያዩ የሚመረጠው ደስ የሚያሰኘውን የተናገረው አይደለም። እያንዳንዳቸውን «ይህን የሚያሰኝዎት ምንድን ነው? ስሕተት ቢሆን በምን እናውቃለን?» ብለው ይጠይቁ። ምክንያቱን የሚያስረዳ፣ መድኃኒቱ በ3 ወር ውስጥ ምን ማምጣት እንዳለበት የሚናገርና ካልመጣ ቀጣዩን እርምጃ የሚያውቅ ሐኪም ይበልጣል። ልዩነቱ ቀዶ ሕክምናን ወይም የዕድሜ ልክ መድኃኒትን የሚመለከት ከሆነ ሦስተኛ ሐኪም ይገባል፤ ያኔ የሁለቱንም ጽሑፍ ይዘው ይሂዱ። ከወሰኑ በኋላ ግን ክትትሉ በአንድ ሐኪም እጅ ይሁን፣ ሁለተኛው ያገኘውንም በጽሑፍ ለእሱ ያድርሱ፤ ሁለት ሐኪሞች ሳይተዋወቁ የሚያዙት ዲክሎፌናክና ሜቶትሬክሴት በአንድ ሰው ሆድ ውስጥ ያለ ክትትል መገናኘት የለባቸውም።